ደጋኑን አምጡ፣ ጣቱ ይቆይ

(ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት እዚህ ጎንደር፣ ማሲንቆ ለሚማሩ ወጣቶችና ለቤተሰቦቻቸው ያደረግሁት ንግግር ነው። በጽሑፍ ስጠን ያላችሁኝ ስለበዛችሁ ከስልክ ቅጂው ላይ ገለበጥኩት። ድግግሞሹን አልነካሁትም፤ ስናገር እንደዚያው ነኝ።)

እንደምን ዋላችሁ!

አልሰማሁም። እንደምን ዋላችሁ!

እሺ፣ አሁን ጎንደር መሆኔን አመንኩ።

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። በሩ ላይ የቆማችሁ ልጆች፣ ፊት ለፊት ወንበር አለ፣ ግቡ። እዛ ጥግ ቡና የምታፈሉልን እትዬ፣ እግዜር ይስጥልን። ጭሱ ወደዚህ ቢመጣም ግድ የለም፤ እንዲያውም ለማሲንቆው ደስ ይለዋል። ለምን እንደሆነ በኋላ እመለስበታለሁ።

ራሴን ላስተዋውቅ። ሥራዬ መምህርነት ነው፤ ሒሳብ አስተምራለሁ። አዝማሪ አይደለሁም። ከአዝማሪ ቤትም አልተወለድኩም። ማሲንቆ የያዝኩት 34 ዓመት ሞልቶኝ፣ ሁለት ልጅ ወልጄ ነው። ዛሬ 51 ነኝ። 17 ዓመት ገዝግዣለሁ ማለት ነው። ያም ሆኖ እኔን አስቀምጦ የሚሄድ የ12 ዓመት የአዝማሪ ልጅ አውቃለሁ። አንድ አይደለም፣ ብዙ።

ታዲያ እኔ ምን ልነግራችሁ መጣሁ? እንዲህ ነው። በልጅነቱ የለመደ ሰው እንዴት እንደለመደ አያስታውስም። ከመካከላችሁ አፉን የፈታበትን ቀን የሚያስታውስ አለ? የለም። እኔ ግን የተማርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ ስለሆነ ያበላሸሁትን በሙሉ አስታውሳለሁ። የማወራችሁ እሱን ነው።

የተሰጠኝ ርእስ «ከባድ የጭፈራ ዜማዎችን በማሲንቆ መማር» የሚል ነው። ረጋ ያለ እንጉርጉሮ ላይ እኮ ጊዜ አለ። ብትሳሳት እንኳ ሰው «እየተከዘ ነው» ብሎ ያልፍሃል። (ሳቅ) ጭፈራ ላይ ምሕረት የለም። ስትሳሳት ሃምሳ ሰው በአንድ ጊዜ ያውቃል፤ እግሩ ይነግረዋል።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ ደጋን፣ ማሲንቆውን የምንገዘግዝበት። ሁለተኛ ምት። ሦስተኛ የሚጨፍረው ሰው። «ጣትስ?» የሚል አለ። አየሁህ፣ ባለ ሰማያዊ ጃኬቱ! ጣት ይቆይ።

ወደ አንደኛው ከመግባቴ በፊት ግን አንድ ውርደቴን ልንገራችሁ።

ወሩ ጥር ነው። ጥምቀት አልፏል፤ ሁዳዴ ሳይገባ ሁሉም ልጁን ለመዳር የሚሯሯጥበት ሰሞን ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ አዘዞ ላይ እህቱን ዳረ። «ማሲንቆህን ይዘህ ና» አለኝ። ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆኖኛል። አንዲት ፈጣን ዜማ ደግሞ ሦስት ወር ሙሉ ሌት ተቀን ስለማመዳት ከርሜያለሁ። ጣቴ ይበራል። ዳሱ ጢም ብሏል። ጠላው ይቀዳል። ከበሮ የያዘ ጎበዝ ልጅ አለ። ጀመርኩ። ሰዉ ብድግ አለ! ክብ ሠራ፣ እልልታው ቀለጠ። እኔም ልቤ ሞቀና ጣቴን ለቀቅኩት። ያለኝን የዜማ ጌጥ ሁሉ አፈሰስኩት። አንዲት ክፍተት አላስቀረሁም።

ከዚያስ? ከዚያማ መቀመጥ ጀመሩ። መጀመሪያ ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን እያስተካከሉ ከክቡ ወጡ። ቀጥሎ ወንዶቹ። ከበሮ መቺው ሁለት ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። በመጨረሻ የቀሩልኝ ሦስት ሕፃናትና አንድ ሞቅ ያላቸው አጎት ናቸው። አጎትየውም የሚጨፍሩት በራሳቸው ጭንቅላት ውስጥ ባለው ዘፈን ነው። (ሳቅ)

አንዲት እናት መጡ። ወገባቸውን በመቀነት ጥብቅ አድርገው አስረዋል፤ ሊጨፍሩ ነው የመጡት ማለት ነው። ጠጋ ብለው ጆሮዬ ላይ «ልጄ፣ አሳርፈን» አሉኝ። ደንግጬ ደጋኑን አነሳሁ። «ላቁመው እማማ?» «ኧረ አታቁመው! እረፍ መች አልኩህ? አሳርፈን ነው ያልኩህ። ትከሻችንን የት እናውርደው?»

ይህችን ያዙልኝ። ትከሻችንን የት እናውርደው?

እስክስታ ዝም ብሎ መንቀጥቀጥ አይደለም። ትከሻ ይነሳል፣ ይያዛል፣ ይወርዳል። ሲወርድ ከአፍ «እስ!» የምትል ትንፋሽ ትወጣለች። «እስክስ በል!» እያልን የምናሟሙቀው ያቺን ትንፋሽ ፍለጋ ነው። ያቺ ትንፋሽ ቦታ ትፈልጋለች። እኔ ቦታውን ሁሉ በጣቴ ሞልቼዋለሁ። ሰዉ ትከሻውን አነሳ፣ አነሳ፣ አነሳ፤ ማውረጃ ሲያጣ ተቀመጠ። ምን ያድርግ?

ያን ቀን ማታ ባጃጅ ውስጥ ማሲንቆዬን አቅፌ ስመለስ የሚከብደኝ ጣት እንዳልሆነ ገባኝ። አራት ዓመት የተሳሳተ ቦታ ስቆፍር ነበር።

እሺ፣ አንደኛው። ደጋን።

ማሲንቆ ያስተማሩኝ ሰው አሁን በሕይወት የሉም። ስማቸው በአደባባይ ሲጠራ አይወዱም ነበር። ሰፈሩ «አያ» ይላቸዋል፤ እኔም አያ እላቸዋለሁ። የመጀመሪያ ቀን ቤታቸው ስሄድ «ምን ልትማር መጣህ?» አሉኝ። «ጭፈራ» አልኩ። ሳቁ። ከዚያ ከአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ቀደዱና አራቱን የግራ እጄን ጣቶች አንድ ላይ ጠቀለሏቸው። በአውራ ጣቴና በመዳፌ እንጨቱን እይዛለሁ፤ ጣቶቼ ግን ታስረዋል። «እስከ ፋሲካ እንዲህ ነህ» አሉኝ።

ለካ ቀኑን አይተው ነው። ሁዳዴ ሊገባ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ያ ሁሉ 55 ቀን በእኛ ሰፈር ዘፈን አይሰማም። ባዶ ጭራ መገዝገዝ ግን ዘፈን አይደለም። ማን ዘፈን ይለዋል?

ማንም አላለውም። ጎረቤታችን ያሉ አንዲት እናት በሁለተኛው ሳምንት ባለቤቴን ጠርተው «አናጢ አስገባችሁ እንዴ? አልጋ ነው ቁም ሣጥን?» አሏት። እሷም አታፍርም፤ «አልጋ ነው» ብላ ሸኘቻቸው። ይኸው 17 ዓመት፣ አልጋው አላለቀም። (ሳቅና ጭብጨባ)

በዚያ ጾም ምን ተማርኩ? ብዙ ነገር ተማርኩ። ጥቂቱን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ሙጫው። የደጋኑ ገመድ የፈረስ ጭራ ነው። ማሲንቆው ላይ የተወጠረውም የፈረስ ጭራ ነው። ጭራ በጭራ ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይነክስም። የሚያስነክሰው ሙጫው ነው። ሙጫ ያነሰው ደጋን ድምፁ ይነጥፋል፤ የበዛበት ደግሞ ይጮሃል፣ ይንቋቋል። ጀማሪ ሁልጊዜ ያበዛል። እኔ እንደዚያ እቀባው ስለነበር አያ «ዶሮ ወጥ እየሠራህ ነው?» ይሉኝ ነበር።

ሁለተኛ፣ የደጋኑ ሁለት ጫፎች እኩል አይደሉም። እጃችሁ አጠገብ ያለው ጫፍ ከባድ ነው፤ ሩቁ ጫፍ ቀላል ነው። ጠንካራውን ምት በከባዱ ጫፍ ጀምሩት። ይሄን የሚያህል ቀላል ነገር እኔ ሁለት ወር ፈጀብኝ። ደጋኔን እንዳመጣልኝ ስገፋና ስስብ፣ ጠንካራው ምት ሲመጣ ሁልጊዜ ጫፉ ላይ ደርሼ እገኛለሁ። ከዚያ እጄ ይደናበራል። ከዚያ «ጣቴ ዘገየ» እላለሁ። ጣት ምን አደረገ?

ሦስተኛውና ዋናው፣ ፍጥነት። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ፈጣን ዘፈን ሲመጣ ክንዳችሁ ምን ያደርጋል? (ከታዳሚው፦ ይሮጣል!) አዎ፣ ይሮጣል! ስህተቱ እዚያ ላይ ነው። ፍጥነት ክንድን በማሯሯጥ አይመጣም፤ ደጋኑን በማሳጠር ነው የሚመጣው። በዝግታ ስንመታ ሁለት ስንዝር እንስባለን። ጭፈራ ሲሆን ሦስት ጣት ይበቃል። ሦስት ጣት! ከትከሻ አይነሳም፤ ከእጅ አንጓ ነው። አያ በብብቴ ሥር የእንጀራ ሰፌድ ክዳን አስይዘውኝ ያስገዘግዙኝ ነበር። ክንዴ ከሮጠ ክዳኑ ይወድቃል። ባለቤታቸው «ሰፌዴን ጨረሳችሁት» እያሉ ይቆጣሉ።

አራተኛም አለ፣ ዝምታ። ማሲንቆን ዝም የሚያሰኘው ደጋን ነው። ደጋኑን ከጭራው ላይ ካነሳችሁት ድምፁ እየተጎተተ ይቀራል። ጭራው ላይ ካሳረፋችሁት ግን ቁርጥ ይላል። ያቺ ቁርጥ የምትለዋ ናት «ትከሻችንን የት እናውርደው» ለሚሉት እናት መልሷ። አያ በመጀመሪያው ወር አስተምረውኛል። እኔ ነኝ አራት ዓመት ቆይቼ የሰማኋቸው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልውጣ። ወላጆች ስላላችሁ ነው።

አባቴ ማሲንቆ መያዜን ሲሰማ ሦስት ሳምንት አላናገረኝም። «መምህር አድርጌ አሳድጌው አዝማሪ ሆኖ ቀረ» አለ አሉ። እስኪያርፍ ድረስ ማሲንቆዬን በስሙ አልጠራውም፤ «ያ እንጨት» ነበር የሚለው። አልቀየመውም። ዘመኑ ነው። ግን ቃሉን እዩት። አዝማሪ የሚለው «ዘመረ» ከሚለው የግእዝ ቃል ነው የወጣው። ቤተ ክርስቲያን ሲሆን እንሰግድለታለን፤ ዳስ ሲገባ እንሰድበዋለን። ጣሊያን እንኳ ከእኛ የተሻለ ክብደቱን ያውቅ ነበር። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ግራዚያኒ እንዲገደሉ ካዘዘባቸው ሰዎች መካከል በየመንደሩ እየዞሩ የሚዘፍኑ አዝማሪዎች ነበሩበት። ጠመንጃ የያዘ ሰው ባለ አንድ ጭራ እንጨት ለምን ፈራ? ቤታችሁ ስትገቡ አስቡበት። ልጃችሁ ግን ማሲንቆ ሲይዝ ፊታችሁን አታጥቁሩበት፤ እለምናችኋለሁ።

ወደ ጉዳያችን። ሁለተኛው ምት ነው።

እዚህ እጃችሁን እፈልጋለሁ። ስልክ ወደ ኪስ! እትዬ፣ እርስዎ ይቅርብዎ፣ ጀበናው እንዳይገነፍል።

ከአንድ እስከ ስድስት እቆጥራለሁ፤ ሳላቋርጥ እየደጋገምኩ። በግራ እግራችሁ አንድ ላይና አራት ላይ ብቻ ምቱ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት። አንድ፣ አራት። አንድ፣ አራት። ጎበዝ። አሁን እግራችሁን ተዉት። በእጃችሁ አንድ ላይ፣ ሦስት ላይ፣ አምስት ላይ አጨብጭቡ። አንድ፣ ሦስት፣ አምስት። ግሩም። አሁን ሁለቱንም አንድ ላይ! እግር አንድና አራት፤ እጅ አንድ፣ ሦስት፣ አምስት።

(ጭብጨባ፣ ሳቅ፣ ትርምስ)

አያችሁ? ይኸው ነው። ማሲንቆ የለም፣ ጣት የለም፣ ዜማ የለም፤ አዳራሹ ግን ተበጠበጠ። አብዛኛው የእኛ የጭፈራ ዘፈን፣ ችክችካ የምንለው፣ እዚህ ስድስት ላይ ነው የሚቀመጠው። ስድስት ለሁለትም ለሦስትም ይካፈላል። እግር ሁለት ብሎ ሲቆጥር ዜማው ሦስት ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ዜማው ወደ ሁለት ይመለሳል። የሒሳብ መምህር ስለሆንኩ አይደለም ይሄን የምላችሁ። የጭፈራ ዜማ ሲያስቸግራችሁ ዘጠና በመቶ... (ሳቅ) እሺ፣ ቁጥር አልፈጥርም። ብዙውን ጊዜ ግን ያስቸገራችሁ ሁለትና ሦስት የሚለያዩባት ቦታ ናት። ያቺን ቦታ በእግርና በእጅ ሳትችሏት በደጋን አትችሏትም። የትግርኛው ጭፈራ ደግሞ በአምስት ይቆጠራል፤ እሱ ራሱን የቻለ ትምህርት ስለሆነ ዛሬ አልነካውም።

እቤታችሁ ሽንኩርት ስትከትፉ አድርጉት። ባጃጅ ስትጠብቁ አድርጉት። እኔ ፈተና ስጠብቅ አደርገው ነበር። አንድ ተማሪ «ቲቸር፣ እግርዎ እየረበሸኝ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው።

ምት ላይ እያለሁ፣ ስለ ስልክ።

አያ ቀስ ብለው መምታት አይችሉም ነበር። «እባክዎ ቀስ ይበሉልኝ» ስላቸው ይሞክራሉ። ዜማው በእጃቸው ላይ ይለወጥና ሌላ ይሆናል። ጌጡ ይረግፋል፣ ደጋኑ ይረዝማል። «አልሆነም» ብለው ወደ ፍጥነታቸው ይመለሳሉ። ከዚያ «አየህ አይደል?» ይላሉ። ምን አያለሁ! ጭስ ነው የማየው።

ስለዚህ ቀዳኋቸው። አስፈቅጄ በስልኬ ቀዳሁና እቤት ሄጄ በግማሽ ፍጥነት አጫወትኩት። አሁን ለሁሉም ቀላል ነው። ዩቲዩብ ላይ እንኳ ፍጥነቱን ወደ 0.5 ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ቅኝቱ አይለወጥም። እና ምን አገኘሁ መሰላችሁ? አንዲት ቦታ ነበረች። አምስት ድምፅ አለባት ብዬ አምኜ በአራት ጣቴ አምስቱን ስፈልግ ወራት የጨረስኩባት። በግማሽ ፍጥነት ስሰማት ድምፆቹ ሦስት ናቸው! የቀሩት ሁለቱ እዚያው ድምፅ ላይ ደጋኑ ጭራውን ሁለቴ ነከስ፣ ነከስ ያደረጋቸው ናቸው። ሁለቱን በጣቴ ስፈልጋቸው፣ ለካ እነሱ በቀኝ እጅ ናቸው።

በማግስቱ ሄጄ ለአያ ነገርኳቸው። «አያ፣ እኮ ደጋን ነው!» ዝም ብለው አዩኝና «ታዲያ ከፋሲካ በፊት ምን ስልህ ነበር?» አሉኝ።

በግማሽ ፍጥነት ስሙ እንጂ በግማሽ ፍጥነት አትኑሩ። ይሄ ላይ ከአንዳንድ ጓደኞቼ ጋር እንጣላለን። ሙሉውን ዘፈን ቀስ ብሎ መምታትና በየቀኑ ትንሽ ማፍጠን ይላሉ። እኔ አልተሳካልኝም። ረጅም ደጋን ለምዶ አጭር ደጋን ማምጣት እንደ አዲስ መጀመር ነው። እኔን የጠቀመኝ ሌላ ነው። አንዲት ሐረግ ብቻ ወስዶ፣ ከመጀመሪያው ቀን በአጭር ደጋን፣ በእውነተኛው ፍጥነት ወይም ወደዚያው ቀረብ ብሎ። የምወስዳትም ከመጨረሻ ነው። የዜማውን የመጨረሻ ሐረግ መጀመሪያ እማራለሁ። ከዚያ የእሷን ቀዳሚ። ከዚያ የዚያችን ቀዳሚ። ምክንያቱም ከፊት ስትጀምሩ የምታውቁትን ጨርሳችሁ ወደማታውቁት ትገባላችሁ፤ እጅ ይፈራል። ከኋላ ስትጀምሩ ግን ሁልጊዜ ወደምታውቁት ነው የምትሄዱት። ደግሞም ትከሻ የሚወርደው አብዛኛውን ጊዜ ሐረጉ ሲዘጋ ነው። መዝጊያውን ያወቀ ሰው ማሳረፊያውን አወቀ። ከጭራው ጀምሩ እላለሁ። (ሳቅ) ዛሬ ጭራ በዛ፣ ይቅርታ።

ኖታ አልጠላም። አዲስ አበባ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ማሲንቆ በኖታም ይሰጣል፤ ጥሩ ነው፣ ዕድሉን ያገኘ ይማር። ነገር ግን ያቺን ነከስ፣ ነከስ ወረቀት ላይ በደንብ ተጽፋ አላየሁም።

ስለ ቅኝት አንድ ቃል ብቻ። አራቱን ታውቋቸዋላችሁ፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። ሁሉም አምስት አምስት ድምፅ ናቸው። ማሲንቆ ላይ ቦታውን የሚያሳያችሁ ምልክት የለም፤ ጆሮ ነው። አንቺ ሆዬ ከሁሉም ታስቸግራለች። አንደኛውና ሁለተኛው ድምፅ ይጣበቃሉ፣ ከዚያ ሰፊ ዝላይ፣ ከዚያ ሦስተኛውና አራተኛው እንደገና ይጣበቃሉ። ደግሞ ወደ ገበቴው፣ ቆዳ ወደለበሰው ሆዱ፣ በወረዳችሁ ቁጥር የጣት ክፍተቱ እየጠበበ ይሄዳል። በጭፈራ ፍጥነት ይሄን ማድረግ... እሺ፣ ባለ ሰማያዊ ጃኬቱ፣ ይኸው ስለ ጣት አወራሁልህ። በቃህ።

ሦስተኛው። የሚጨፍረው ሰው።

አያ አንዲት የልጅ ልጅ ነበረቻቸው። ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። ከእኔ ፊት በርጩማ ላይ ያስቀምጧታል። እጇ ላይ ቆሎ ይሰጧታል። ለእኔ «ምታ» ይሉኛል። ለእሷ ምንም አይሏትም።

እመታለሁ። ልጅቷ ቆሎ ትቆረጥማለች። እመታለሁ። ትቆረጥማለች። ገብሱን ትጨርስና ሽንብራውን እየለየች ትበላለች። ላብ በጆሮዬ ሥር ይወርዳል። አንዳንዴ አዝናላት «እንዴት ነው ማሚዬ?» እላታለሁ። ትከሻዋን ትሰብቃለች፤ ያውም ለ«እኔ እንጃ» እንጂ ለእስክስታ አይደለም። አያ ጥግ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። የተኙ ይመስላሉ። አልተኙም።

እንዲህ ሆነን ስድስት ወር ያህል ሄድን። የዓለም ክፉ ፈተና ቢኖር ይሄ ነው። አስቡት፤ ተማሪዎቼን በ100 እያረምኩ እውላለሁ፣ ማታ ቆሎ የምትበላ ልጅ ዜሮ ትሰጠኛለች።

አንድ ማታ ክረምት ነው፣ ነሐሴ። እንደምታውቁት የጎንደር ነሐሴ አጥንት ድረስ ነው የሚገባው። ማሲንቆዬ ድምፁ ሞቷል። ቡብ፣ ቡብ ይላል። እኔ እንደለመድኩት በራሴ ፈረድኩ። አያ ግን «ስጠኝ» አሉና ከቡናው ከሰል አጠገብ አቆሙት። ለካ ቆዳው ነው። እርጥበት ሲያገኘው ይላላል፤ ሲላላ ድምፁ ይወድቃል። ሙቀት ሲያገኝ ይወጠራል። አንድ ስኒ እስክንጠጣ ድረስ አንዴ ፊቱን፣ አንዴ ጀርባውን እያዞሩ አሞቁት። «አታቃጥለው ብቻ። እንደ ሕፃን ጀርባ ነው የሚሞቀው» አሉኝ። ጭራውን እንደገና ቃኙና መለሱልኝ።

መታሁ። አዘዞ ያዋረደችኝ ያችኑ ዜማ። ብዙ አልሞከርኩም፤ ደክሞኝ ነበር። ጌጥ አልነበረኝም። ሦስት ጣት ደጋን፣ ሐረጓ ስትዘጋ ቁርጥ፤ እንደገና፣ ቁርጥ።

ልጅቷ ቆሎዋን በርጩማው ላይ አስቀመጠች።

በቃ፣ ይኸው ነው። አስቀመጠችና እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ከዚያ ትከሻዋ ተነሳ። አያ ዓይናቸውን አልገለጡም፤ ግን «እስክስ!» አሉ። እኔ ደጋኔ እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ፤ ልሳሳት ነው ብዬ ትከሻዋን ማየት ጀመርኩ። ያን ጊዜ ገባኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ጣቴን እያየሁ ነው የኖርኩት! ትከሻዋን ሳይ እጄ ራሱ ያውቃል። ሲነሳ እይዘዋለሁ፣ ሊወርድ ሲል እቆርጥለታለሁ። ትንሽ ከቆየች እኔም ሐረጓን ደግሜ አቆያታለሁ። ማን ማንን እንደሚመራ አልለየሁትም።

ስለዚህ የቤት ሥራ ልስጣችሁ፤ መምህር አይደለሁ? አዝማሪ ቤት ስትሄዱ የአዝማሪውን እጅ አትዩ። እጁን በስልክ ቅዱት፣ እቤት ታዩታላችሁ። እዚያ እያላችሁ ዓይኑን እዩ። ዓይኑ የት ነው? የሚጨፍረው ሰው ትከሻ ላይ ነው። ወደ እንግዳው ጠጋ ሲል፣ ጎንበስ ሲል፣ «ተቀበል!» ተብሎ ግጥም ሲነገረው፣ አፉ ግጥሙን እየደገመ ዓይኑ ግን ትከሻው ላይ ነው። ጥምቀትም ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። ታቦቱን አጅቦ የሚጨፍረውን ወጣት ተከትላችሁ ሂዱ። ሰው እየተራመደ ሲጨፍር ምቱ መቼ እንደሚከብድ፣ መቼ እንደሚቀል ከእግሩ ታገኙታላችሁ። ማሲንቆ ይዛችሁ መሄድ አይጠበቅባችሁም። ጆሮና እግር ይበቃል።

እቤት የሚጨፍርላችሁ ሰው ከሌለስ? ታናሽ እህት የሌለው ማነው? ቆሎ ግዙላት። (ሳቅ) ለእሷ ግን «ጨፍሪ» አትበሏት። ካላችኋት ለእናንተ ብላ ትጨፍራለች፤ ያ ማስረጃ አይሆንም።

ሰዓት እንደሄደ በምልክት እየነገሩኝ ነው። እሺ። «እስቲ አንድ ምታልን» ብላችኋል፤ እምቢ አልልም። ግን ከጠዋት ጀምሮ ሲያካፋ ስለዋለ ይሄ ቆዳ... ስሙት... ቡብ። ሰማችሁ? ቡብ።

እትዬ፣ ያ ከሰል ገና ሞቅ ያለ ነው? እግዜር ይስጥልኝ፣ ትንሽ ወደዚህ ያስጠጉልኝ። አንድ ሁለት ሰው ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ ይግፋልን፤ መሐሉ ይለቀቅ። ሁለተኛው እስኪደርስ ይሞቃል። አንተ፣ ባለ ሰማያዊ ጃኬቱ፣ እስከዚያ ና፣ ይሄን ያዝልኝ። ፊቱን ወደ እሳቱ። አዎ። አሁን ጀርባውን። ቀስ፣ እንዳታቃጥለው።